የወለቴ ክር ሲበጠስ

ወርቂቱ በጉልበት ሕመም አታምንም። ጉልበት የሚያመው ዳገት ለሚወጣ ሰው ነው፤ ከድርቤ ቤት እስከ ቀበሌው አዳራሽ ደግሞ መንገዱ ሜዳ ነው። ስለዚህ ድርቤ «ጉልበቴን አሞኝ ነው» እያለች ከእሁዱ የዶቃ ስብሰባ ደጋግማ ስትቀር ጊዜ፣ ወርቂቱ የጨውና የበርበሬ መደቧን በጆንያ ሸፈነችና ልትጠይቃት ሄደች። ያገኘቻት ጓሮ ነው፤ ድርቤ ጎንበስ ብላ ጎመን ትኮተኩታለች።

«አካም ጅርታ፣ በሽተኛዋ!» አለቻት ከአጥሩ ወዲህ ቆማ።

ድርቤ ቀና አለች፤ መያዟን አውቃ ሳቀች። «ነጋ፣ ደኅና ነኝ፣ ያ ወርቂቱ። ጉልበቴ እሁድ እሁድ ብቻ ነው የሚነሳብኝ።»

«ሰንበት ያከብራላ! የእኛ ቤተ ክርስቲያን ታሽጎ ሰንበት አክባሪ የቀረው የአንቺ ጉልበት ብቻ ነው እንግዲህ።»

«ቀስ በይ፤ አጥር ጆሮ አለው።»

«ይኑረው። ለምን ቀረሽ? እውነቱን ንገሪኝ፤ እምቢ ካልሽ ጎመኑን እጠይቀዋለሁ።»

ድርቤ መኮትኮቻዋን መሬት ላይ ሰክታ ቆመች። «ያቺን አረንጓዴ ዶቃ ይዤ የመጣሁ ዕለት ትዝ ይልሻል? የአማቴን? ገና "አማቴ ከጊምቢ ስትመጣ" ብዬ አፌን ከመክፈቴ፣ ያቺ የሹሙ ሚስት "ስንተኛ ደረጃ ናት?" አለች። ሌላዋ ተቀብላ "ሁለተኛ፤ ጠርዟ ተሸርፏል" አለች። በቃ፤ ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፉ።»

«አዎን፤ ነበርኩ።»

«የተሸረፈችው እኮ አማቴ ባሌን ስትወልድ በጥርሷ ነክሳት ነው። ይሄን የጠየቀኝ ሰው አለ? ከዚያ በኋላ ለምን ልሂድ? የተሸረፈ ዶቃ አለሽ ሊሉኝ? ይልቅ አንቺ ለምን ትሄጃለሽ?»

ወርቂቱ «የጀመርኩትን አልተውም» ብቻ አለችና ወደ መደቧ ተመለሰች። መንገዱን ሁሉ ግን ራሷን ስትጠይቅ ነበር።

ስብሰባውን የጀመሩት እነሱ ራሳቸው ናቸው። ንጉሡ ሳይወርዱ፣ በሸዋርጋ ባል የልብስ ስፌት ሱቅ ጓዳ። ሸዋርጋ ከሸዋ ባሏን ተከትላ የመጣች፣ ወለቴ ጨርቅ ነጋዴ አግብታ ከጉራጌ አገር የመጣች፣ ሐረግወይን የጎጃም ሰዎች ልጅ፤ ወርቂቱና ድርቤ ደግሞ የዚሁ የነቀምቴ ልጆች። ንግግራቸው የገበያ ንግግር ነበር፤ እኩሌታው አማርኛ፣ እኩሌታው ኦሮምኛ፣ ሲናደዱ ደግሞ እያንዳንዷ በእናቷ። አንድ የሚያደርጋቸው ዶቃ መውደዳቸው ብቻ ነው። አንዷ ከገበያ፣ አንዷ ከሟች አክስት ሙዳይ፣ አንዷ ከወንዝ ዳር ያገኘችውን ይዛ ትመጣለች። ዶቃው ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ ባለቤቲቱ ከማን አንገት እንደመጣ ታወራለች፤ እየተሳቀ ይመሻል። ዋጋ መጠየቅ ነውር ነበር።

ደንብም አወጡ። አንዲት ሴት ስትገባ ለእያንዳንዳቸው አንድ ዶቃ ትሰጣለች፤ ከእያንዳንዳቸውም አንድ ትቀበላለች፤ ያንን በሰም ከታሸ ክር ላይ ከራሷ ጋር ትሰካዋለች። ቋጠሮውን ሁሉም በየተራ ያጠብቁታል። ያ ክር ባለቤቲቱ በሕይወት ሳለች አይበጠስም። ሐረግወይን ያረፈች ጊዜ፣ በሣልስቷ ተሰብስበው ሸዋርጋ በባሏ መቀስ ክሯን ቆረጠች፤ ዶቃዋንም እያለቀሱ ተካፈሉት። ክር ሲቆረጥ ያዩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ወርቂቱ በዚህ ዶቃ ምክንያት ብዙ ተሰድባለች። ከአብዮቱ በፊት አንድ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ቤቷ ድረስ መጥተው «ጨሌ ቤትሽ ታኖሪያለሽ አሉ። ይሄ የቃልቻ ዕቃ ነው፤ አውጥተሽ አቃጥዪው» ብለዋት ነበር። «አባቴ፣ መንፈስ ካለበት ለምን እስካሁን አንድ ቀን ጨው አልሸጠልኝም?» አለቻቸው። ሽማግሌው ሳቃቸውን ለመደበቅ ሳል ሳል አድርገው ወጡ። እሷም አላቃጠለችም።

ታዲያ የሽማግሌ ቁጣ ያልበተነውን ማኅበር የበተነው ደግነት ነው። ሰው ተሰብስቦ ማውራት የሚያስጠይቅበት ዘመን መጣ፤ ሸዋርጋም ፈርታ ቀበሌ ሄዳ አስፈቀደች። የቀበሌው የባህል ኃላፊ ዓምደሚካኤል ክፉ ሰው አልነበረም፤ ወጣት ነው፣ ትሑት ነው፣ ሁሉን ነገር ማሻሻል ይወዳል። አዳራሽ ሰጣቸው። አግዳሚ ወንበር ሰጣቸው። «የባህል ዶቃ ሰብሳቢ ሴቶች ክበብ» ብሎ ስም አወጣላቸው፤ ሸዋርጋን ሊቀመንበር አደረጋት። ዶቃው አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ደረጃ እንዲባል ያሰበው እሱ ነው። ደረጃ ሲመጣ ደግሞ የደረጃ ሰዎች መጡ፤ ከመርካቶ በካርቶን ገዝተው የሚመጡ የሹም ሚስቶች። ዶቃቸው ያምራል። ከየት መጣ ብትያቸው ግን ከካርቶኑ ነው።

ወለቴ መጀመሪያ ቀረች። ባሏ ሱቁን ወደ ሲሬ ቢያዞረውም እሁድ እሁድ በአውቶቡስ ትመላለስ ነበር። አንድ ቀን ወሬዋን መሃል ላይ ሳለች ዓምደሚካኤል ሰዓቱን አይቶ «ጓዲት ወለቴ፣ ወደ ፍሬ ነገሩ» አላት። ፍሬ ነገሩ ላይ ነበረች። ወሬዋን ሳትጨርስ ተቀመጠች፤ ስትሄድ ክሯን ለሸዋርጋ ሰጠቻት። «እኔ ባልኖር ክሬ ይኑር፤ ቦታዬ እንዳይያዝ» አለች። ከዚያ ወዲህ የአውቶቡስ ዋጋ ተወደደብኝ ማለት ጀመረች። ድርቤ ጉልበቴን አለች። ኋላ የገቡት ሌሎቹም አንዷ ልጄን፣ አንዷ ማሳዬን እያሉ አለቁ። ጠብ የለ፣ ስድብ የለ። ከቀድሞዎቹ ከሸዋርጋ ሌላ የምትሄደው ወርቂቱ ብቻ ነች።

የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ሊከበር ከተማው ሁሉ ቀይ ቀለም ሲቀባ፣ ሸዋርጋ በጭቃው ውስጥ ቀሚሷን ሰብስባ ወደ ወርቂቱ መደብ መጣች።

«ክርሽን ልቀበልሽ ነው» አለች፣ ሰላምታውን ቶሎ ጨርሳ። «ኤግዚቢሽን አለን። በቀይ ጨርቅ ላይ ይሰቀላል፤ ከክፍለ ሀገር ሳይቀር እንግዶች ይመጣሉ።»

«ከነክሩ ነው የሚሰቀለው?»

ሸዋርጋ በርበሬውን በጣቷ ነካ ነካ አደረገች። «ይሰቀላል አልኩሽ እኮ። አንቺ ደግሞ ነገር መሰንጠቅ ትወጃለሽ።»

«ዓይኔን እያየሽ ንገሪኛ።»

«ወርቂቱ፣ ሊቀመንበር ነኝ፤ የቀድሞዎቹ አንዳቸውም ባይመጡ ምን እባላለሁ? ስለ እኔ ብለሽ። ድርቤንም ይዘሻት ነይ።»

ስለ እኔ ብለሽ ስትባል ወርቂቱ ልቧ ራራ። የሐረግወይንን ክር ቆርጠው አብረው ያለቀሱበትን ጓዳ አሰበች። በእሁዱ ድርቤን ከጎመኗ መሃል ጎትታ አወጣቻት፤ ክሯንም በአንገቷ፣ ከቀሚሷ ሥር አድርጋ ሄደች።

አዳራሹ ውስጥ ረጅም ጠረጴዛ ቀይ ጨርቅ ለብሷል። በላዩ የቆርቆሮ ሳህኖች ተደርድረዋል፤ ዶቃው በየቀለሙ ተለቅሞ እንደ ምስርና እንደ ሽምብራ ተሞልቶባቸዋል። ወርቂቱ ሰማያዊው ሳህን ጋ ስትደርስ ቆመች። ከላይ ያለችውን አወቀቻት፤ ወገቧ ላይ ነጭ መስመር ያላት፣ ወለቴ ከአገሯ ስትወጣ እናቷ በመቀነታቸው ጫፍ ቋጥረው የሰጧት ዶቃ ናት። ቀዩን ሳህን አየች፤ ወርቂቱ ራሷ ለወለቴ የሰጠቻት እዚያ ውስጥ አለች። ከጠረጴዛው ሥር ደግሞ ክሩ ወድቋል። ቋጠሮው እንዳለ ነው፤ ከአጠገቡ በመቀስ ተቆርጧል።

ሌላ ነገር አላሰበችም። ክር የሚቆረጠው መቼ እንደሆነ ታውቃለች።

«ወለቴ መቼ ሞተች?» አለች።

ድምጿ ትንሽ ነበር፤ ድርቤ ግን ሰማች፤ ሳህኑንም አየች፤ ክሩንም አየች። «ወለቴን ዱቴ?» ብላ ጮኸች። «ሞተች? ያ ዋቃ! ወለቴ ሞተች!»

ከዚያ ወዲያ የሚያቆማቸው አልተገኘም። ወርቂቱ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ደረቷን ትመታ ጀመር። «ወይኔ እህቴ! ሳትጠሪኝ! ሲሬ እኮ ባሕር ማዶ አልነበረም! የአውቶቡስ ዋጋ አልሽኝ፣ እኔስ በእግሬ መምጣት አቅቶኝ ነው?» ሰው ሲያለቅስ ዝም ብሎ የሚያይ የለም፤ ወለቴን በዓይናቸው አይተዋት የማያውቁት የሹም ሚስቶችም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡበት። አንዷማ ከሁሉም በላይ አለቀሰች። ዓምደሚካኤል ቆቡን አውልቆ ደረቱ ላይ አደረገና «ጓዶች፣ ማን ነው የሞተው? ጓዶች?» እያለ ከአንዷ ወደ አንዷ ሄደ። ከአዳራሹ ፊት ለፊት ሱቅ ያለው የወለቴ አገር ልጅ ፈድሉ ስሟን ከጩኸቱ ለየ። የሱቁን በር ዘግቶ እየሮጠ ሄደና ወደ ሲሬ በሚወርድ የኤንትሬ ጭነት መኪና ሾፌር መርዶ ላከ።

ያላለቀሰች ሸዋርጋ ብቻ ናት። ወርቂቱ በእንባዋ መሃል አየቻት፤ ሸዋርጋ መሬት መሬት ታያለች።

«አልሞተችም» አለች ሸዋርጋ።

«ምን?»

«አልሞተችም አልኩ! ደኅና ናት። ለኤግዚቢሽኑ ነው። በየቀለሙና በየደረጃው እንዲታይ ተብሎ ነው የፈታነው።»

ለቅሶው ባንድ ጊዜ ጸጥ አለ። አብዝታ ያለቀሰችው የሹም ሚስት ብቻ ትንሽ ቆይታ አቆመች።

«የቆረጠው ማነው?» አለች ወርቂቱ።

«ኮሚቴው።»

«ኮሚቴ መቀስ የለውም። መቀሱ የማነው?»

ሸዋርጋ የቀዩን ጨርቅ ጫፍ ታስተካክል ጀመር።

«የባልሽ ነው። ሐረግወይንን የቆረጥንበት ነው። አንቺ ታውቂያለሽ እኮ፣ ሸዋርጋ! እነዚህ አያውቁም፤ ይሄ ልጅ አያውቅም። አንቺ ግን ቋጠሮውን ከእኔ ጋር አጥብቀሻል። በቁሟ ቀበርሻት!»

«ክር እኮ ነው» አለች ሸዋርጋ፤ እሷም አሁን ልታለቅስ ቃጥቷታል። «መልሰን እንሰካዋለን።»

ዓምደሚካኤል ቆቡን አጠለቀ። «ጓዲት ወርቂቱ፣ በክር ማመን አድሃሪ ልማድ ነው። በሚቀጥለው ስብሰባ ሂስና ግለሂስ ታደርጊያለሽ። አሁን ያንቺንም ክር አስረክቢ፤ ከዚያ ወደ አጀንዳው እንመለስ።»

«አድሃሪ ማለት ወደ ኋላ የሚጎትት ነው ብለህ አስተምረኸናል፣ አይደለም?»

«ትክክል ነው።»

«እንግዲያው እኔ ወደ ፊት ነው የምሄደው» አለችና ወደ ጠረጴዛው ሄደች። ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ቀዩ ጨርቅ ላይ ዘረጋች፤ ከሳህኑ የወለቴን ዶቃ አንድ በአንድ ትለቅም ጀመር። ድርቤ ከወዲያ ማዶ ተቀላቀለች። «ይቺም የሷ ናት» ስትል ወርቂቱ «አይደለችም፣ ይቺ የካርቶን ናት» ትላለች፤ ድርቤ «አይንሽ ደክሟል» ትላለች፤ በለቅሶ ያበጠ ፊታቸውን ይዘው ይከራከራሉ።

«የክበቡ ንብረት ነው!» አለ ዓምደሚካኤል።

«ክበቡ አንገት አለው?»

«ጓዲት ወርቂቱ፣ ከቀበሌ ሱቅ ስኳር እንዳታገኚ ማድረግ እችላለሁ።»

«ቡናዬን በጨው ነው የምጠጣው። ጨው ደግሞ እኔው ነኝ የምሸጠው፤ ከፈለግህ ለአንተም እሸጥልሃለሁ።»

ከወንበሩ አንዲት ሴት ሳቀችና አፏን ያዘች። ሸዋርጋ ጠጋ ብላ አንዷን ሰማያዊ ልታነሳላት እጇን ዘረጋች።

«አንቺ አትንኪ» አለቻት ወርቂቱ፤ አልጮኸችም። ሸዋርጋ እጇን እንደተዘረጋ ተወችው።

ለቅመው ሲጨርሱ ወርቂቱ ነጠላውን ቋጠረች፤ በር ላይ ስትደርስ ዞረች። «አንድ ነገር መዝግቡልኝ። ድርቤ ጉልበቴን ብላ ቀረች፤ ወለቴ የአውቶቡስ ዋጋ ብላ ቀረች፤ ሌሎቹም እናንተን ላለማስከፋት ሲዋሹ ቀሩ። እኔ ጉልበቴ ደኅና ነው። ልጆቼ አድገዋል። ማሳ የለኝም። ምንም ሳልታመም ነው የቀረሁት፤ እንዲያ ብላችሁ ጻፉ። የቀረሁት ሰው የሚሰማ ሰው ስለጠፋ ነው።»

በማግስቱ ጠዋት ከድርቤ ጋር አውቶቡስ ተሳፍረው ሲሬ ወረዱ። የወለቴ ደጅ ሸራ ተወጥሮበታል። ገበሬው፣ ነጋዴው፣ ጎረቤቱ ከሸራው ሥር ተኮልኩሏል፤ መሃላቸው ወለቴ ራሷ በወገቧ መቀነት አስራ ንፍሮ ታድላለች።

«መጣችሁ?» አለች ስታያቸው። «ግቡ፣ ግቡ፤ ለቅሶዬ ላይ ደረሳችሁ። ያ ሾፌር ማታ መርዶ ሲያወርድ ራቴን እየበላሁ ነበር። አልሞትኩም ብላቸው ማን ይስማኝ፤ የሩቁ ሰው ሌሊቱን ተነስቶ መጣ፤ ንፍሮውም ተቀቅሎ መጣ። ምን ላድርግ? ብሉ አልኳቸው።»

ድርቤ አንገቷ ላይ ተጠምጥማ እንደገና አለቀሰች። ወርቂቱ አላለቀሰችም፤ ነጠላዋን ፈታችና ዶቃውን ከፊቷ አስቀመጠች፤ የሆነውንም ከላይ እስከ ታች ነገረቻት። ወለቴ ስትሰማ ቆይታ የእናቷን ሰማያዊ አንስታ በጣቶቿ መሃል አሸችው።

«ሸዋርጋ በእጇ?»

«በእጇ።»

«እንግዲህ ሞቻለሁ ማለት ነው» አለች ወለቴ። ልትቀልድ ብላ ነው፤ ግን ዶቃውን ወደ ወርቂቱ ገፋችው። «ደንቡ ደንብ ነው። ተካፈሉኝ።»

«አንካፈልሽም።»

«የተበጠሰ ክር አይመለስም፤ ራስሽ እኮ ነሽ በሐረግወይን ጊዜ ያልሽው…»

«ደንቡን ያወጣው ማነው?» አለች ወርቂቱ። «ከሰማይ ወረደ? እኛ ነን ያወጣነው፣ እዚያች ጓዳ ተቀምጠን። እነሱ በቁምሽ ሊገድሉሽ ከቻሉ እኛ ምን አቅቶን ነው የማናስነሳሽ? ክር አምጪ።»

ወለቴ አየቻት። ከዚያ ተነስታ ገባችና ክርና ሰም ይዛ መጣች። ከሸራው ሥር ተቀምጠው ክሩን ማሸት ጀመሩ። ድርቤ ጉልበቷን ዘርግታ ተመቻቸችና «ለምን የራሳችን አዲስ ክበብ አናቋቁምም?» አለች።

«አይሆንም። ስም ካወጣንለት ነገ ሊቀመንበር ይወጣበታል።»

አንዲት የሲሬ ለቀስተኛ ንፍሮዋን እያኘከች ጠጋ አለች። «አዴ ወለቴ፣ ይሄ ሰማያዊው ከማን ነው?»

«ይሄማ ረጅም ነው» አለች ወለቴ።

«ንገሪና። ለቅሶ ቤት መጥቶ የሚቸኩል አለ?»

ወለቴ ጀመረች። ከእናቷ መቀነት ተነስታ፣ በእናቷ ጠብ፣ በጠቡ ምክንያት፣ በታረደው ወይፈን በኩል ዞራ ሄደች። የሚያቋርጣት አልነበረም። ሌሎቹም ለቀስተኞች ወንበራቸውን እየጎተቱ ቀረቡ፤ አንዷ ከአንገቷ የራሷን አውጥታ ተራዋን ትጠብቃለች።

ከሰዓት በኋላ ፈድሉ መጣ። እውነቱን የሰማው ማታ ነው፤ ይቅርታ ሊጠይቅ አንድ ጥቅል ስኳር ይዟል። ወለቴ እንደ ልቧ ሰደበችው፤ ስኳሩን ተቀበለችው። ከዚያ ፈድሉ ወደ ወርቂቱ ዞረ፤ ፊቱ የተጨነቀ ነው።

«አዴ ወርቂቱ፣ ዓምደሚካኤል መልእክት ሰጥቶኛል። ነገ አዳራሽ ቀርበሽ ግለሂስ እንድታደርጊ፤ ክርሽንም ይዘሽ እንድትመጪ። ካልመጣሽ ከክበቡ ትሰረዣለሽ፤ የቀበሌ ሱቅ ስኳርም ይቀርብሻል። ሸዋርጋም እባክሽ ነይ ብላለች። መልስ አምጣ ተብያለሁ።»

ወርቂቱ ዶቃዋን ሰካች፤ ክሩን ወደ ላይ አንስታ አየችው፤ ከዚያ ለድርቤ አቀበለቻት።

«ለቅሶ ላይ ነች በለው» አለች።

«የማን ለቅሶ ቢለኝስ?»

«የወለቴ። እንደምታየው ገና አላለቀም፤ ሰው እየመጣ ነው። ከለቅሶ ቤት ሰው ጎትቶ ለስብሰባ የሚወስድ ካለ ራሱ መጥቶ ይሞክር። ሸዋርጋን ደግሞ፣» ትንሽ አሰበች፣ «መቀሱን ለባሏ መልሳ፣ ባዶ እጇን ስትመጣ ንፍሮ እንሰጣታለን በላት። እኔ ግን ወደዚያ አዳራሽ አልመለስም። ተቀመጥ እንግዲህ፣ ቆመህ አትስማ። ወለቴ፣ ወይፈኑ ላይ ነበርሽ።»